አራተኛው ጎማ

በኛ አገር ብረት በነፃ የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ አላየሁም። የተሰነጠቀ ማረሻ ለምኜ እንኳ «ቆይ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል» ብለው መልሰውኛል። ቢቸና ገበያ ላይ የተጣመመ ሚስማር አቃንቶ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ይበልጣል ከሞጣ ደውሎ፣ «እምየ፣ አንድ ትልቅ ተሳቢ በነፃ አገኘሁ» ሲለኝ፣ እልል አላልኩም። «ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሚሰጥህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ከደጄ ብቻ አንሳልኝ አለኝ» አለ።

እኔ አልሳቅሁም።

ተሳቢ ስላችሁ ያ እህል የሚጭነው ረጅሙ እንዳይመስላችሁ። ይኸኛው መኪና የሚጭን ነው። ሞተር የለው፣ መሪ የለው፤ ጠፍጣፋ ወለል፣ አራት ጎማ፣ ከኋላው ደግሞ እንደ መሰላል ወደ መሬት የሚዘረጋ ሁለት ብረት። መንገድ ላይ የተሰበረ መኪና በዚያ ይወጣል፣ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ከፊት ሌላ መኪና ይጎትተዋል። የመኪና ቃሬዛ በሉት።

ይበልጣል አንድ ልጄ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር ያኔ። ብየዳ የተማረው ሞጣ ነው፤ እጁ የተባረከ ነው፤ እናቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ የሰፈራችንን የቆርቆሮ በር ግማሹን የበየደው እሱ ነው፣ ሄዳችሁ እዩ። ከጓደኛው ጋር ሆነው አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ይህን ተሳቢ አድሶ፣ ፒክአፗ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከመርጡለ ማርያም እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር የወደቀ መኪና ሊያነሳ አሰበ። «መኪና መቼም መውደቁ አይቀርም እምየ» አለኝ። እዚህ ላይ ልክ ነው። መኪና መውደቁ አይቀርም። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው።

የሚያድስበት ቦታ ደግሞ የኔ ግቢ ሆነ። «ክረምቱን ካንቺ ጋር እከርማለሁ» አለ። አያችሁልኝ ተንኮሉን? ባሏ የሞተባት፣ ከዶሮ ጋር የምታወራ ሴት ይህን ሰምታ እንዴት እምቢ ትበል? እሺ አልኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እየጎተተ አመጣው። በሩ ጠብቦት የአጥር እንጨት ነቅለን ነው ያስገባነው። ሃያ ዓመት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ኖሮ፣ በወለሉ መሐል ግራዋ በቅሎበታል፤ ከነቅጠሉ መጣ። ዶሮዎቼ ተበታተኑ። ውሻዬ ግን አልጮኸም። እንግዳ ሲመጣ አጥር ካላፈረስኩ የሚል ውሻ ነው። ቀርቦ አሸተተውና ጅራቱን ወዘወዘ። ለብረት!

እኔ እየተራገምኩ ዞርኩት። ዞሬ ዞሬ ወደ ምላሱ ደረስኩ። ምላሱ ማለቴ ያ ከፊት ያለው፣ መኪናው ላይ የሚንጠለጠልበት ብረት ነው። ምላሱ ላይ አንድ ትንሽ መስቀል ተበይዷል። ከፌሮ ብረት የተሠራ። የቀኝ ክንዱ የተሰበረ።

ያን መስቀል አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ባሌን ልንገራችሁ፤ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። አንተነህ ሹፌር ነበር። ላንድሮቨር ይነዳል። በገበያ ቀን ሰውም ፍየልም አንድ ላይ ጭኖ ከቢቸና ሞጣ ይመላለሳል። ደህና ሰው ነበር፤ ጉድለቱ መጠራጠሩ ነው። ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ጎማ ሳይነካ አይሄድም። ዳዶውን፣ ዳዶ የሚሉት ጎማውን የሚይዘውን የብሎን ራስ ነው፣ አንድ በአንድ በመፍቻ ያጠብቃል። ያጠበቀውን በከሰል ሰረዝ ያደርግበታል፤ ካላጠበቀው እንዳይምታታበት። ኪሱ ከሰል ተለይቶት አያውቅም። የነጠላዬ ጫፍ፣ የልጁ ጉንጭ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ አንተነህ የነካው ሁሉ ጥቁር ነበር። «አንተን ያገባሁ ቀን ነጭ መልበስ አበቃልኝ» እለው ነበር። ይስቃል።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በክረምት፣ ሞጣ መውረጃ ቁልቁለት ላይ ጎማ ወለቀበት። ብቻውን ነበር። እሱ በሰው ትከሻ መጣ፣ ላንድሮቨሩ በተሳቢ። ለቅሶው መሐል ደረቴን እየመታሁ ቀና ስል፣ ተሳቢው በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ምላሱ ላይ ክንዱ የተሰበረ የፌሮ መስቀል። ይበልጣል ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያን እንዳያይ መርጡለ ማርያም እህቴ ዘንድ ልከነው ነበር። ተሳቢውን አላየም። የአባቱን ከሰል እንኳ አያስታውስም፤ ጠይቄዋለሁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ይህን ነገር ከደጄ አንሳ» ብለው፣ ሞጣ ይዞት ይመለሳል፣ ክረምቱንም እዚያው ይከርማል። ዝም ብል አድሶ ይጨርሰዋል፣ በጨረሰ ማግስትም አባቱን በበላው መንገድ ይወጣል። ምን ቀረኝ? እየሠራ እንዲውል፣ ግን እንዳይጨርስ ማድረግ።

ሌባ ሆንኩ በሉ።

ደግሞ የሰረቅሁበትን ጊዜ ስሙ። በፍልሰታ! የፍልሰታ ቅዳሴ በቀን አይደል? ከቀትር ጀምሮ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል። ሕፃን አይቀር፣ አሮጊት አይቀር። ከኔ በቀር። «ጉልበቴን አመመኝ» አልኩ። ውሸትም አልነበረም፤ ጉልበቴ ሁልጊዜ ያመኛል፤ ብቻ እስከዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን አስቀርቶኝ አያውቅም።

ይበልጣል ተሳቢውን ድንጋይ ላይ አቁሞ፣ ጎማዎቹን አውልቆ፣ ሃያውን ዳዶ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎት ነበር፤ ዝገቱ እንዲለቅ። እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሄድ እኔ እጄን ናፍጣ ውስጥ ከተትኩ። ሦስት አወጣሁ። ጓዳ ካለው ጎታ ውስጥ፣ ከባቄላው ሥር ቀበርኳቸው። «እግዚኦ» የሚለው ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ጓዳዬ ይሰማል። እኔም አብሬ እግዚኦ እያልኩ ቀበርኩ።

ይበልጣል ሲመለስ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«እምየ፣ አሥራ ሰባት ሆነ።»

«ድሮስ ስንት ነበር?»

«ሃያ።»

«አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ ብረት ምን ያደርግላታል?»

«እኔ ምን አውቄ? አንተስ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

በማግስቱ ሁለት ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት። ምትክ ሊፈልግ ሞጣ ሄደ፤ የለም። የዚህ ተሳቢ ዳዶ የድሮ ነው፤ ጥርሱ ካሁኑ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱት። እሰይ አልኩ በልቤ። ልጄን አቀርቅሮ ሳየው ደግሞ እሰይታዬን ዋጥኩት። ሌብነት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሌቦቹን በከንቱ ሰነፍ እላቸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ነው ነገሩ የመጣው።

ቢቸናን በነሐሴ የሚያውቃት ያውቃታል። ቀትር ላይ ጭጋግ ይወርድና አጥራችሁን ከቤታችሁ ይለይባችኋል። የዚያን ቀን ዶሮ እንኳ ድምፅ የላትም። ተሳቢው በጭጋጉ ውስጥ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ የለም። ቁጢጥ ብዬ እጄ ናፍጣው ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቅጭል አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ነፋስ የለም።

«ማነህ?» አልኩ።

ዝም።

«ሌባ ከሆንክ ቀድሜሃለሁ፤ ሌላ ቤት ሂድ!»

ከተሳቢው ሥር ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሻዬ ነው፤ በጅራቱ መሬቱን ይመታል። ወደኔ አያይም። አንገቱን ወደ ወለሉ ቀና አድርጎ ነው የሚያየው። ጌታው ከላይ የተቀመጠ ይመስል።

አልፈራሁም፤ ይህን ያዙልኝ። ዳዶዬን ይዤ በእርምጃ ነው የገባሁት። ነጠላዬ ደጅ የቀረው ብረት ይዞት ነው።

እስከዚያ ቀን በዚህ ግቢ መንፈስ ካለ መንፈሱ እኔ ነበርኩ። ሥራውንም እወድደው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ሌላ ባለሙያ የገባብኝ መሰለኝ።

ለማን ልናገር? ሰንሰለት ጮኸ ብዬ ብናገር፣ በቅዳሴ ሰዓት ደጅ ምን ትሠሪ ነበር ሊሉኝ ነው። አፌን ያዝኩ። ውዴ ግን ለአፏ መያዣ የላትም። ውዴ ጎረቤቴ ናት፤ እንቁላል ብታዋሷት ዶሮ አድርጋ ለሰፈሩ የምታሳይ ሴት። የዳዶውን መጥፋት ከይበልጣል ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«እትየ እንጉዳይ፣ ይህ ብረት ሙት ሲጭን የኖረ ነው። ዳዶውን የሚወስዱት እነሱው ናቸው።»

«እነማን?»

«በሱ ላይ የተጫኑት ናቸዋ!»

«መኪና ነው እንጂ ሰው አልተጫነበትም።»

«መኪናው ውስጥ የቀረው ደማቸውስ? አልሰሙኝም እንዴ? ደም ይፈልጋል፤ በግ ይረድለት።»

አዲስ መኪና ሲገባ ጎማው ሥር በግ ማረድ ልማድ ነው፤ እውነቷን ነው። ግን ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ማን ቢላ ያነሳል? ስለዚህ ውዴ መምሬ ጥበቡን ጠርታ መጣች። መምሬ የኔም የነፍስ አባት ናቸው። ጠበላቸውን በትልቅ ጀሪካን አስይዘው ገቡ።

ያ ቀን ደግሞ ይበልጣል ተሳቢውን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ፍቆ ያበቃበት ቀን ነው። ዝገቱ ሁሉ ወልቆ እንደ ብር ያበራል። ከዝናብ ለመጠበቅ ሸራ አልብሶት ነበር። ሸራውን አስገለጡት።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ቀለም ልቀባውና ይርጩ» ብሎ ለመናቸው።

«ጠበል ቀለም አይጠብቅም ልጄ» አሉና አፈሰሱበት። ከወለሉ እስከ ምላሱ፣ ጀሪካኑ እስኪያልቅ። ከዚያ «ይደር፣ እንዳትጠርጉት» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ስንገልጥ፣ ብሩ ብረት ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጠብታ። ጠብታ ብቻ አይደለም፤ በጎኑ ላይ የወረደም አለ፣ እንደ እንባ። ውዴ አጥሩ ላይ ሆና አየችና ጮኸች፤ «ደም ብትነፍጉት የራሱን አፈሰሰ!»

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ይበልጣል ወለሉ ላይ ወጥቶ፣ «ዝገት ነው! የተፋቀ ብረት ውሃ ሲነካው ይዝጋል! ብየዳ የተማርኩት ለምን ይመስላችኋል?» እያለ ይጮሃል። ማን ይስማው? ቆሞ ሲናገር እግሩ ሥር ያለውን ነው ሁሉም የሚያየው። አንዷ እንዲያውም በጥጥ ጠርጋ ይዛ ሄደች፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ልጄ ልክ ነው። ዝገት ነው። ይህ ለኔም ገብቶኛል፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ቢሆንም ዝገት አይጠፋኝም። ግን እናንተ ቆማችሁ ብታዩት፣ ከመስቀሉ ከተሰበረው ክንድ በኩል የወረደውን ቀይ ብታዩት፣ ዝገት ማለቱ ከአፍ አይወጣም።

ከዚያ ወዲያ ሰው በደጄ ማለፍ ተወ። የእድሩ ዳኛ ሰው ላከብኝ፤ ያ ነገር እዚያ ግቢ እስካለ ድንኳን አንተክልም ብሎ። ብሞት ማለቱ ነው። «ለመሞት አልቸኮልኩም በለው» ብዬ መለስኩት። ተናድጄ ነው እንጂ እንኳን ድንኳን የእድሩ ድስትም ያስፈልገኛል።

ይበልጣልን የሰበረው ግን ሌላ ነው። እስከዚያ አሥራ አንድ ዳዶ ወስጄ ነበር። ዘጠኝ ቀረው። ያን ቀን ከሰዓት ተሳቢው ላይ ተቀመጠ፤ ብሩሹን ጣለ።

«ተውኩት እምየ።»

«እሰይ» ልል ነበር።

«ጾሙ ሲፈታ መተማ እሄዳለሁ። ሰሊጥ አጨዳ ሰው ይፈልጋሉ ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ድንበሩን አልፎ ሥራ አለ ይላሉ።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

ትከሻውን ሰበቀ።

አያችሁ ጉዴን? ከቢቸና ሞጣ እንዳይሄድ ብዬ ድንበር ላሻግረው ነው። የሞጣው መንገድስ ቢያንስ ይመልሰው ይሆናል። መተማ ሄደው የቀሩትን የዚህን ሰፈር ልጆች ግን እናቶቻቸው እስካሁን በስም ይጠሯቸዋል እንጂ አያዩዋቸውም።

በማግስቱ ጉልበቴ ዳነ። ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ሄድኩ። ቤቱን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሠርኩ። ያሰብኩት ይህ ነበር፤ ከቅዳሴ ልጄን ቀድሜ እመለሳለሁ፣ አሥራ አንዱን ዳዶ ከባቄላው አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ እከታለሁ፣ «እነሆ፣ ድሮም እዚያው ነበር፣ አቆጣጠር አታውቅም» እለዋለሁ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኔን ከልጄ ላይ አልነቀልኩም። ከወንዶቹ በኩል ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ውዴ ከጎኔ ናት፤ በተሰገደ ቁጥር ትገፋኛለች። መምሬ መቅደስ ውስጥ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ እንድትመረምሩ ነው። ማን የት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

ቅዳሴው አለቀ። ይበልጣል መሄዱን ለመምሬ ሊነግር ቀረ። እኔ በጭጋጉ ውስጥ እየቸኮልኩ ቤቴ ደረስኩ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። ጓዳ ገባሁ። የጎታው ክዳን ላይ ያስቀመጥኩት ድንጋይ እንዳስቀመጥኩት አለ። ክዳኑን አነሳሁ፣ እጄን ባቄላው ውስጥ እስከ ብብቴ ከተትኩ።

የለም።

ባቄላውን በሙሉ ወለል ላይ ገለበጥኩት። ባቄላ ብቻ ነው።

ወጣሁ።

ተሳቢው በራሱ እግር ቆሟል። አራቱም ጎማ ገብቷል። ያ ሦስት ጎረምሳ ተጋግዞ ያስገባለት ድንጋይ ከአጥሩ ሥር በሥርዓት ተደርድሯል። ቀረብኩ። የፊተኛው ጎማ ላይ አምስት ዳዶ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥቁር ሰረዝ። በጣቴ ነካሁት። ከሰል ነው። እያካፋ ነበር፤ ሰረዙ ግን አልፈሰሰም። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። አምስት ሰረዝ። ሦስተኛው፣ አምስት ሰረዝ።

አራተኛው ላይ ሰረዝ የለም።

ጎማው ገብቷል፣ ዳዶዎቹም አሉ፤ ግን አልጠበቁም። በጣቴ ሳዞረው ዞረ። ከሥሩ ጭቃው ላይ አንድ ቁራሽ ከሰል ወድቋል። ጭቃ ላይ ያለ ከሰል ደረቅ ነበር።

ለሰው ነግሬው የማላውቀው ነገር አለ። ያን ጠዋት፣ አንተነህ የሞተበትን ጠዋት፣ ለሞጣ ዘመድ ተዝካር አንድ ቅል ማር የላክሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ጎማ ይዳብሳል። አንዱን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ፣ ሦስተኛውን ጨረሰ። «ይህን ብረት መደባበስ ትተህ አትሄድም? እነሱ እኮ ማሩን እየጠበቁ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ። ከሰሉን መሬት ላይ ወረወረውና ገብቶ ነዳ። አራተኛው ሳይነካ።

በለቅሶው ሁሉም ጎማ ወለቀበት ይል ነበር። የትኛው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም የትኛው እንደሆነ አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት።

አሁን ጭጋግ ውስጥ ቆሜያለሁ። ውሻው አራተኛው ጎማ ሥር ተኝቶ ጅራቱን ቀስ ብሎ ይመታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ መሮጥ አማረኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ተመስገን፣ አንዳንዴ በሽታም ይጠቅማል።

ጎማ መፍቻው ወለሉ ላይ ነበር። አነሳሁት። ዳዶው ላይ አስገባሁና ተጫንኩት፤ ክንዴ አልበቃ አለ። በእግሬ ወጣሁበት፣ በሙሉ ክብደቴ። ጢጥ አለና ጠበቀ። ወረድኩ፣ ሁለተኛውን። ወረድኩ፣ ሦስተኛውን። አንተነህ ይህን ሁሉ በየገበያው ቀን ያደርግ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ መደባበስ እለው ነበር። አምስተኛውን ስጨርስ ከሰሉን አነሳሁ፤ አምስት ሰረዝ አደረግሁ። እጄን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ። «አሁን ሂድ።»

ሰንሰለቱ ቅጭል አለ። አንድ ጊዜ።

ይበልጣል ሲገባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። «እምየ! ማን ገጠመው? ጓደኛዬ ከሞጣ መጣ እንዴ?»

«አንድ ሹፌር ነው።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ድሮ አውቀው ነበር።»

«ዳዶውስ ከየት ተገኘ?»

«ከባቄላ ውስጥ።»

ሳቀ። እውነቱን ስትነግሩት የሚስቅ ልጅ ነው፤ በአባቱ ወጥቷል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። «ይህ ጥቁሩስ?»

«የጠበቀውን ካልጠበቀው ለመለየት ነው። ደግ ዘዴ ነው፤ ልመደው።»

የመተማው ጉዞ ቀረ። መስከረም ላይ ሲደርቅ ሰማያዊ ቀለም ቀባው፤ ጥቅምት ላይ ወጣ። አትሂድ አላልኩትም። ቸኩል አላልኩትም፤ ዋናው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ጭነት ታውቃላችሁ? የውዴ ወንድም ባጃጅ። ደብረ ወርቅ መንገድ ላይ ተገልብጣበት። ውዴ ራሷ ከይበልጣል ጎን ፒክአፗ ውስጥ ተቀምጣ፣ በየደጁ እጇን እያውለበለበች ገባች። ሙቶቹን የት እንዳደረገቻቸው አልጠየቅኋትም።

ጾሙ እንደተፈታ ግን ንስሐ ገብቼ ነበር። ለመምሬ ጥበቡ ነገርኳቸው።

«አባ፣ በፍልሰታ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሰረቅሁ።»

«ምን?»

«አሥራ አንድ ዳዶ። የልጄን።»

«መልሺ።»

«ተመልሷል።»

«መቼ መለስሽው?»

«እኔ አልመለስኩትም።»

ቀና አሉ። «ታዲያ ማን መለሰው?»

«እሱን እኮ ነው እኔም የምጠይቅዎ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጎታውን፣ ቁልፉን፣ ከሰሉን። አራተኛውን ጎማም። ለሌብነቱ አርባ ስግደት ሰጡኝ። «ለሌላውስ?» አልኳቸው። «ሌላውን አንቺና እሱ ጨርሳችሁታል፤ እኔን ምን ታስገቡኛላችሁ?» አሉና ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ በደጄ ሲያልፉ በማዶኛው ዳር ነው የሚያልፉት።

እንግዲህ ዛሬ ቢቸና ውስጥ የሚወራውን እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩም። የይበልጣል ተሳቢ ጎማውን የሚያጠብቅለት መንፈስ አለው ይባላል። በሚወጣበት ጠዋት ሁሉ አራቱም ጎማ ጠብቆ፣ በከሰል ተሰርዞ ይገኛል። ሹፌሮች ይቀኑበታል፤ ከሞጣ ድረስ መጥቶ ያየ አለ። የእድሩ ዳኛ ሳይቀር የእድሩን ድንኳን በሱ ላይ ማስጫን ጀምሯል።

እኔ እሰማለሁ፣ እስቃለሁ። መንፈስ ምን ያደርጋል? አንዲት ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ናት። ልጇ ቁርሱን ሲበላ መፍቻና ከሰል ይዛ ትወጣለች፣ መፍቻው ላይ በሙሉ ክብደቷ ትቆማለች፣ ሰርዛ ትገባለች። ይኸው ነው መንፈሱ።

ብቻ እኔ የማጠብቀው አራተኛውን ነው።